ከሐይቅ በኩል የመጨረሻዋ እጅ

ሰው የሚጠበስ ዓሣ ሸትቶት መንገድ ላይ ይቆማል፤ እኔን የሚያቆመኝ ውሃ የነካው ሲሚንቶ ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ክርና ዚፕ ልገዛ ወጥቼ፣ ባህል አዳራሽ ጋ ስደርስ ያ ሽታ መጣብኝ። ዙሪያው በሰማያዊ ቆርቆሮ ታጥሯል። ከአጥሩ ውስጥ ማሽን ይጮሃል፣ አቧራው ከቆርቆሮው በላይ ይነሳል፣ ከበሩ ሥር ደግሞ ቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ወደ አስፋልቱ ይፈሳል። ባጃጆቹ ጥሩምባ እየነፉ በአጠገቤ ያልፋሉ፤ እኔ ዚፔን ረስቼ እንደ ሐውልት ቆሜያለሁ። አንዱ ባለ ባጃጅ አንገቱን አውጥቶ፣ «እትዬ፣ መኪና ይበላሻል! ወይ ግቢ ወይ ውጪ!» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ወዴት ልግባ? ልገባበት ያሰብኩት ቦታ እኮ አርባ ዓመት ሆኖታል።

ያኔ ከተማችን ትንሽ ነበረች። ከአዳራሹ ጀርባ ሆነሽ ቀና ካልሽ ሐይቁን ታዪዋለሽ፤ በመካከል የሚጋርድሽ ቢኖር የሰው የሸንኮራ አጥርና አንድ ሁለት ዋርካ ነው። ዛሬ ባለ ስድስትና ባለ ስምንት ፎቁ ተሰልፎ ሐይቁ መኖሩን የምናውቀው በንፋሱ ብቻ ሆኗል። ያኔ አቅጣጫ ስንናገር ግራና ቀኝ ብለን አናውቅም። ነገር ሁሉ ወይ ሐይቅ በኩል ነው፣ ወይ አስፋልት በኩል። አልጋ እንኳን ስንገፋ፣ «ትንሽ ወደ ሐይቅ በኩል ሳቢው» እንባባል ነበር። ጋሪ በስሙኒ ከገበያ ሐይቅ ዳር ያደርሳል። ፈረሱ መንገዱን ከባለቤቱ የበለጠ ስለሚያውቅ ባለ ጋሪው ተኝቶ ይሄዳል። ዳቦ ዐሥር ሳንቲም ነበር፣ ያውም እጅ የሚሞላ። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ይለሰልስና ከእግር ጋር ይጣበቃል፣ ማታ ስናወልቀው ቆዳችንን ይዞ የሚሄድ ይመስለናል። የደላት ቴትሮን ጉርድ ትለብሳለች። እኛ የእናታችንን አሮጌ ቀሚስ አስጠብበን ለበስን። ሰፊዋ እኔው ነበርኩ፤ ያኔ የያዝኩት መርፌ ዛሬም ከእጄ አልወጣም።

አዳራሹን የሠራው ማን ነው ብትሉኝ፣ በወረቀት ላይ ያለውን አላውቅም። በዓይኔ ያየሁትን ግን እነግራችኋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀበሌው ሰው ይጠራል። ወንዶቹ ድንጋይ ያወርዳሉ፣ ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፣ ልጃገረዶቹ ደግሞ ከሐይቁ ዳር የተቆለለውን አሸዋ በባሬላ ይሸከማሉ። ባሬላ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዷ ፊት፣ አንዷ ኋላ። ታላቅ እህቴ አስቴር ሁልጊዜ ፊት ነበረች፣ ኋላዋ ዘይነባ። ዘይነባ የጎረቤታችን የእትዬ ፋጡማ ልጅ ናት፤ ሱቃቸው ከእኛ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። እኛ የጸሎት ቤት ልጆች፣ እነሱ የመስጊድ። ግን ግድግዳው ስስ ስለነበር የነሱ አዛን እኛን ይቀሰቅሰናል፣ የእኛ መዝሙር እነሱን ያስተኛቸዋል። አስቴርና ዘይነባ አሸዋውን ተሸክመው ሲመጡ እኔ ባዶ እጄን ከኋላ እከተላለሁ፤ ሥራዬ መከተል ነበር። ባሬላውን አስቀምጠው ሲያርፉ አስቴር በእንጨት አሸዋው ላይ ፊደል ትጽፍና፣ «በይ አንብቢ፣ ካላነበብሽ ውሃ የለም» ትለኛለች። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቁሜ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ነገር ሁሉ መሠረቱ ያ አሸዋ ነው። ዘይነባ ከወዲያ ሆና በሹክሹክታ ትነግረኛለች። አስቴር ትሰማና፣ «አንቺ ደግሞ፣ ልጅቷን ደንቆሮ አድርገሽ ልታስቀሪያት ነው!» ብላ አሸዋ ትረጭባታለች።

ከመድረኩ በስተጀርባ፣ ዘፋኞች የሚገቡበት በር ጋ ረዘም ያለ ደረጃ ተሠራ። ሲሚንቶው ፈስሶ፣ በማለስለሻ ተለስኖ፣ ገና ሳይደርቅ ግንበኞቹ ለምሳ ወጡ። አስቴር ከሐይቅ በኩል ጫፉ ላይ ቁጢጥ አለች። ሐይቁን እያየች ነበር፣ ሁልጊዜም ሐይቁን እንዳየች ነው። ከዚያ ቀኝ እጇን ሲሚንቶው ላይ ዘርግታ ተጫነችው። ዘይነባ ሳቀችና በሌላኛው ጫፍ፣ አስፋልት በኩል፣ የራሷን አተመች። በመካከል ያሉት ልጃገረዶችም ተንጫጭተው እጃቸውን ደረደሩ። ተቆጣጣሪው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ደረሰ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? ይሄ የመንግሥት ንብረት ነው!»

አስቴር እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቀና አለች። «እኛስ የማን ንብረት ነን ጋሼ? አሸዋውን የተሸከመው ይሄው እጅ አይደል?»

ሰውዬው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ልጃገረዶቹ ሲስቁ እሱም ሳቀና ሄደ። የታተሙት እጆች እንዲሁ ደረቁ።

አዳራሹ ሲከፈት ከተማው ሁሉ አዲስ ልብስ የገዛ መሰለ። ቀይ መጋረጃ ነበረው። ሲሳብ ከጣሪያው ሥር ያሉት ቀለበቶች እየተንሿሹ ይከፈታል፤ ያን ድምፅ ለመስማት ብቻ የሚገቡ ሰዎች ነበሩ። ስብሰባው እዚያ፣ ድራማው እዚያ፣ ሰርጉም እዚያ ሆነ። የኪነት ቡድን ተቋቋመና አስቴርንና ዘይነባን መረጧቸው። የጸሎት ቤቱ ሰዎች እናቴን፣ «ልጅሽን ለዘፈን ሰጠሻት?» አሏት። እትዬ ፋጡማም ከዘመዶቿ ያው ደረሰባት። ሁለቱ እናቶች በግድግዳው በኩል፣ «አንቺንም አሉሽ?» «እኔንማ ገደሉኝ» እየተባባሉ ይጽናኑ ነበር። እምቢ ማለት የሚቻልበት ዘመን አልነበረም፣ ስለዚያ ብዙ አልልም። አንድ ቀን ጠዋት አውቶቡስ አዳራሹ ፊት ለፊት ቆመ። ቡድኑ ወደ ሰሜን ሄዶ ወታደሮችን ያዝናናል ተባለ። ሁሉም ካኪ ለበሱ። አስቴር የሰፋሁላት ካኪ ወገቡ ሰፍቷት፣ «ስመለስ ታስተካክይልኛለሽ» አለችኝ። ዘይነባ የብር ቀለበቷን እያዟዟረች ታለቅሳለች። አስቴር ክንዷን ይዛ፣ «ነይ ባሬላ፣ ኋላዬን ያዢ» ብላ አሳቀቻት። ተሳፈሩ።

አውቶቡሱ ከብዙ ወራት በኋላ ተመለሰ። ከሄዱት ጥቂቶቹ ወረዱ። እናቴና እትዬ ፋጡማ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሩ ጋ ቆመዋል፤ የሚወርድ ሲያልቅ የቡድኑ አለቃ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ሌሎቹ በሌላ መኪና ይመጣሉ» አለ።

ይሄው ነው። ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ፣ «በሌላ መኪና ይመጣሉ» ብቻ። የአስቴር ፎቶግራፍ እንኳን የለንም፤ በዚያን ጊዜ ፎቶ መነሳት ማለት የሰርግ ነገር ነበር። ዓመታት አለፉ፣ ያ መንግሥት ሄደ፣ ሌላው መጣ። ዘመድ ተሰብስቦ እናቴን፣ «እንግዲህ እርምሽን አውጪ፣ ድንኳን እንትከልና እናልቅስ» ሲላት መልሷ አንድ ነው። «በሌላ መኪና ይመጣሉ ተብሏል። እኔ መኪናውን ቀድሜ አላለቅስም።» እትዬ ፋጡማም እንዲሁ እንዳለች ሞተች፤ እስከ መጨረሻዋ መኪና በሱቋ በር ሲያልፍ ቀና ትል ነበር።

እናቴ ስብሰባ የምትጠላ ሴት ናት። ሆኖም ባህል አዳራሽ የተጠራ ስብሰባ አንድም አላመለጣትም። የጤና ትምህርት ነው፣ የውሃ ነው፣ የወጣቶች ነው፣ ለእሷ ሁሉም አንድ ነው። የማታውቀው ሰው ሰርግ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ትቀመጣለች። እኔ የምሰፋላቸው ሙሽሮች፣ «የእትዬ ማርታ እናት ሰርጋችንን አከበሩልን» ይሉኝ ነበር። የመጣችው ለእነሱ አልነበረም። ሰው በጭብጨባ ሲጠመድ በጓሮ በኩል ዞራ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ከሐይቅ በኩል ባለው ጫፍ ያለችውን እጅ አቧራዋን በነጠላዋ ጫፍ ታወጣለች፤ ጣት በጣት እያጸዳች። ከዚያ የራሷን መዳፍ ታገባበታለች። አንድ ጊዜ ተከትያት አይቻለሁ። አታለቅስም። ልጇን ይዛ መንገድ የምታሻግር ነው የምትመስለው።

በኋላ ዓይኗ ደከመ፣ ጉልበቷም። ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አታይም፤ ከቤት ከወጣች ቆይታለች። ያን ዕለት ዚፕ ሳልገዛ ተመልሼ፣ «እማዬ፣ አዳራሹን እያደሱት ነው» አልኳት። መዋሸት አልቻልኩም፣ ሽታው ቀሚሴ ላይ ነበር።

ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። «ደረጃውንስ?» አለች።

«ሁሉንም አፍርሰው እብነ በረድ ያደርጉታል ይላሉ።»

«እንግዲያው አምጪልኝ።»

«ምኑን?»

«እጇን ነዋ። እጇን አምጪልኝ፣ እሱን ይዤ አለቅሳለሁ። ድንኳኑን ታስተክያለሽ። አሁን እኔም ደክሞኛል፣ ማርታ። መኪናው እኔን ቀድሞ አይደርስም።»

አርባ ዓመት ሙሉ አላለቅስም ያለች ሴት አለቅሳለሁ ስትል ምን እንደሚሰማ አልነግራችሁም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ።

ፎርማኑ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፤ ቢጫ ቆብ አድርጎ በሁለት ስልክ ያወራል። በሩ ላይ አግኝቼ ነገሩን ከሥሩ ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም።

«ማዘር፣ ቅርስ ነው እያሉኝ ነው?»

«ቅርስ አይደለም የኔ ልጅ፣ እህቴ ናት።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጥሩ ልጅ ነው፣ የሠራውን ሁሉ ይቅር ብየዋለሁ። «ግቢው ውስጥ ማስገባት አልችልም፣ ጣሪያው እየወረደ ነው። ደረጃው ነገ ጠዋት ነው የሚነሳው። የትኛዋ እንደሆነች ይንገሩኝ፣ በግራይንደር አስቆርጬ አስቀምጥልዎታለሁ።»

«ከሐይቅ በኩል የመጨረሻዋ» አልኩት።

«ከሐይቅ በኩል የመጨረሻዋ። እሺ ማዘር፣ አለቀ።»

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ስሄድ በሲሚንቶ ከረጢት ተጠቅልላ፣ በሲባጎ ታስራ በሩ ጋ ተቀምጣለች። ለፎርማኑ የሻይ ብዬ ብሰጠው እጄን መለሰው። ሁለት ልጆች አንስተው ባጃጅ ላይ ጫኑልኝ፤ ከባድ ናት። መንገዱን ሁሉ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አቀፍኳት። ከረጢቱን አልገለጥኩም፤ መጀመሪያ እናቴ ትንካት ብዬ ነው። ባለ ባጃጁ በመስታወቱ እያየኝ፣ «ወፍጮ ገዛሽ እንዴ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

እናቴ ከጠዋት ጀምራ ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ በሩ ላይ ነው። ድንጋይዋን ከፊቷ አስቀምጬ ከረጢቱን ቀደድኩ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩላት። እጇን ዘረጋች። መዳፏ ገባበት። ጣቶቿ አንድ በአንድ ቦታቸውን ያዙና፣ አራተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ተመለሱ። እንደገና ሄዱ፣ እንደገና ቆሙ።

«ማርታ» አለች ቀስ ብላ፤ «ቀለበት አለው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በቀለበት ጣቱ ሥር ክብ ገባ ያለ ምልክት አለ። የጸሎት ቤት ልጅ ያኔ ቀለበት አታደርግም ነበር። ከሁሉም ልጃገረዶች ቀለበት የነበራት አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም ያተመችው በሌላኛው ጫፍ፣ አስፋልት በኩል ነበር።

ወደ አዳራሹ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ፎርማኑ ሲያየኝ ፈገግ አለ፣ ፊቴን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

«ሐይቁ በየት በኩል ነው ልጄ?»

ወደ አስፋልቱ አሳየኝ። ሐይቁን ያየው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ዓሣ ሊበላ በባጃጅ ሲሄድ፤ ባጃጁ ከዚህ ተነስቶ በአስፋልቱ ስለወጣ ሐይቁም በዚያው በኩል መሰለው። በፎቅ ተከቦ ለሚሠራ ሰው ሐይቅ ምኑ ነው? እኛ ደግሞ ግራና ቀኝ ማለት ዛሬም አልለመደብንም። በእንግዳ ሰው ፊት እንኳን አንደበቴ የሚያውቀውን ተናገረ።

«የቀረውስ ደረጃ?»

«ማዘር... ጠዋት ሲኖትራክ ጭኖ ወስዶታል። ሐይቅ ዳር ለሚሠራው መንገድ ለሙሌት ነው የሚፈለገው።» ቆቡን አወለቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሐይቅ ዳር የነበረው አሸዋ ሐይቅ ዳር ተመለሰ። እሷም አብራው ሄደች።

ቤት ስመለስ እናቴ ካለችበት አልተነሳችም። እጇም ከድንጋይዋ ላይ አልተነሳም። የሆነውን ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ በቀለበቱ ምልክት ላይ ጣቷን እያዞረች፣ «ፋጡማ ይህን አልዳሰሰችም» አለች። «ዘይነባ ሰው አላለቀሰላትም፣ አይደል?»

«አላለቀሰላትም።»

«ጀማልን ጥሪልኝ።»

ጀማል የዘይነባ ታናሽ ወንድም ነው፤ እህቱ ስትሄድ ገና በእንብርክኩ የሚሄድ ልጅ ነበር፣ ዛሬ ሱቁን የያዘው እሱ ነው። ሚዛኑን ጥሎ እየሮጠ መጣ፣ እናቴ የሞተች መስሎት። እናቴ እጁን ይዛ ድንጋይዋ ላይ አሳረፈችለት። «እህትህ ናት» አለችው። ለእሱ ዘይነባ ስም ብቻ ነበረች፤ መልኳን አያውቀውም፣ ድምፅዋን አያውቀውም። እጁን እጇ ውስጥ ከተተና፣ «ትንሽ ናት እኮ፣ እትዬ ማርታ፣ እጇ ትንሽ ናት» ይላል። «ልጅ ነበረች ለካ።»

በማግሥቱ እኛ ግቢ ድንኳን ተተከለ። የዕድራችን ሰዎች ወንበር እያወረዱ፣ «ሟች ማን ናቸው?» ይላሉ። «ዘይነባ» ስንላቸው፣ «መቼ አረፈች?» ይላሉ። መቼ እንላለን? የጀማል ዘመዶች መጥተው ዱዓ አደረጉ፣ የጸሎት ቤታችን ሴቶች ጥግ ይዘው በለሆሳስ ዘመሩ። ስሷ ግድግዳ ዛሬ ብሎኬት ሆናለች፣ ግን ያን ቀን የሌለች መሰለች። እናቴ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አፏን ከፍታ አለቀሰች። በሲዳሙ አፎ ነበር ያለቀሰችው፣ በልጅነቷ ቋንቋ፤ «የፋጡማ ልጅ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ባሬላ ያጎበጠሽ» እያለች። ሰዎቹ ሁሉ ለአስቴርም እያለቀሰች መስሏቸው፣ «ተመስገን፣ እርሟን አወጣች» ተባባሉ። እኔ እናቴን አውቃታለሁና ስሙን ስጠብቅ ነበር። የአስቴርን ስም አንድም ጊዜ አልጠራችም።

ሰው ሲሄድ ጀማል ድንጋይዋን አቅፎ ወደ ሱቁ ወሰዳት። እኔ ድንኳኑን ሳይነቅሉት እናቴን፣ «እማዬ፣ ተተክሎ እያለ... ለአስቴርም እንበል?» አልኳት።

«በሰው ልጅ እጅ የራሴን ላልቅስ?» አለችኝ። «የእኔዋ ገና አልመጣችም።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲሆን በባጃጅ ሐይቅ ዳር እወስዳታለሁ። ከአዳራሹ የመጣው ፍርስራሽ እዚያ ተቆልሎ ነበር፤ ከሱ መካከል እየመረጥኩ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን እሰጣታለሁ፣ እሷ ትዳስስና ወደ ጎን ታስቀምጣለች። አንዳንዱ ላይ ግማሽ ጣት ይገኛል። ታሸውና፣ «አይደለችም» ትላለች። ያለፈው ቅዳሜ ስንደርስ ክምሩ የለም። መንገድ ደልዳዩ ዳምጠው አልፎበታል፣ ላዩ ላይ ጠጠር ለብሷል፣ ጎረምሶች በጠዋት ስፖርት ይሮጡበታል። ልነግራት አፌን ስከፍት እግሯ ቀድሞ አወቀው። ሜዳነቱን ረግጣ አረጋገጠች።

ቆመች። ነፋሱ ነጠላዋን ይገፋዋል፣ ከወዲያ የዓሣ አጥማጆቹ ጫጫታ ይሰማል።

«ማርታ፣ ሐይቁ በየት በኩል ነው?»

ትከሻዋን ይዤ ቀስ ብዬ አዞርኳት። «በዚህ በኩል።»

«ጫፉ ጋ አድርሺኝ። ከሐይቅ በኩል ያለው ጫፍ ጋ።»

መንገዱ የሚያልቅበት፣ ውሃው የሚጀምርበት ቦታ አደረስኳት። በጉልበቷ ወረደች። ሩጫቸውን ትተው የሚያዩን አሉ፤ ይዩን። መዳፏን ገና ጠጠሩ ያልጠበቀው መንገድ ላይ ዘርግታ ተጫነችው። ስታነሳው ምንም አልታተመም፤ ጥቂት ጠጠር እጇ ላይ ተጣብቆ ቀረ እንጂ። አራግፊው ብላት እምቢ አለች። ጨብጣው ወደ ቤት ተመለስን።